የአገርነሽ የዓርብ ወረቀት

አገርነሽ ኮሶ አምባ ስትመደብ ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነበር። ዘመኑም 1993 ዓ.ም.። ከደባርቅ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬደው ይህ ቀበሌ ባለ አራት ክፍል ትምህርት ቤት ነበረው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። አንድ አስተማሪ ከአንደኛ ክፍል የተረከባቸውን ልጆች፣ ሁሉንም ትምህርት ብቻውን እያስተማረ፣ እስከ አራተኛ ማድረስ ነበረበት። ለአገርነሽ አርባ ሦስት ልጆች ደረሷት።

የዳባት ልጅ ናት። አባቷ ፊደል አልቆጠሩም። እሷ ስድስተኛ ክፍል ሳለች ሰው «ልጅዎ ስንተኛ ደረሰች?» ሲላቸው «አራተኛ» ይሉ ነበር። ስምንተኛን ባለፈችበት ዓመትም «አራተኛ» አሉ። ቤተሰቡ ይስቅባቸዋል፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ጎንደር ሄዳ የመምህርነት ትምህርቷን ጨርሳ የራሷን ክፍል ስትረከብ ግን ነገሩ አላሳቃትም። ልጁ ምን እየተማረ እንደሆነ የማያውቅ አባት በኔ ክፍል አይኖርም ብላ ለራሷ ቃል ገባች።

የዓርብ ወረቀቷ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዓርብ ዓርብ ልጆቹን ወደ ሜዳ ታወጣና ከደብተር ገንጥላ፣ ካርቦን እየደራረበች ትጽፋለች። በአንድ ጊዜ አራት ይወጣል፤ አምስተኛው አይነበብም። አርባ ሦስቱን እስክትጨርስ ጣቷ ይደነዝዛል። «የተከበራችሁ የአንደኛ ክፍል ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት ልጆቻችሁ ከ‹ሀ› እስከ ‹ሰ› ያሉትን ፊደላት ለይተዋል። እስከ ሃያ መቁጠር ችለዋል። ማሳሰቢያ፤ ጥፍራቸው ይቆረጥ። ሰኞ እያንዳንዱ ልጅ ለመቁጠሪያ የሚሆን ሃያ ፍሬ ባቄላ ይዞ ይምጣ።» ዲሬክተሩ አቶ ኪዳኑ እያንዳንዷን ወረቀት በማኅተም ይመቱላታል። ማኅተም መምታት ይወዱ ነበር።

ሰኞ ባቄላ ይዘው የመጡት ስድስት ልጆች ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ወጥታ ጨው ስትገዛ፣ ነጋዴዋ ጨውን የቋጠረችላት በራሷ ወረቀት ነበር። «ሃያ ፍሬ ባቄላ» የሚለው በጎን በኩል ይታያል።

«ይኸው ልፋቴ አባ» ብላ ቋጠሮውን እሑድ ለቄስ ሀብተ ሚካኤል አሳየቻቸው። እሳቸው የኮሶ አምባ ገብርኤል ቄስ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቅ የሚቀናቸው ሰው።

«ታዲያ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው ልጄ?» አሉና ሳቁ። «እዚህ አገር ከኛ ከካህናቱና ከሁለት የወታደር ጡረተኛ በቀር ወረቀት የሚያይ የለ። ሰው የሚሰበሰበው ሰንበቴ ላይ ነው። አንዱን አምጪልኝና እኔ አሰማልሻለሁ።»

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው በሰንበቴው ቤት ተቀመጠ። ተረኛው ያቀረበው ዳቦ ተባርኮ ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ቄሱ ተነሥተው ወረቀቱን ዘረጉና ድርሳን በሚያነቡበት ዜማ ጀመሩ። «ጥፍራቸው ይቆረጥ» ባሉ ጊዜ ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «አሜን!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰኞ ግን አርባ ሦስቱም ልጆች ባቄላ ይዘው መጡ። ችግሩ፣ ከእናቶቹ ግማሾቹ ቆልተው ነበር የላኩት፤ እረፍት ሳይደወል ተበልቶ አለቀ። አገርነሽ በሳምንቱ ወረቀት ላይ «ባቄላው ጥሬ ይሁን፤ የተቆላው መቁጠሪያ ተበልቷል» ብላ ጻፈች። ሰንበቴው ያን ቀን ሲስቅ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ስሟ «የባቄላዋ አስተማሪ» ሆነ፤ ስትወጣ ስትገባም ሰው ቆሞ ሰላም ይላት ጀመር። በሕይወቷ እንደዚያ ዓመት ደስ ብሏት አያውቅም።

ወረቀቱን ከሁሉ አጥብቆ የያዘው ዳምጤ የሚባል ገበሬ ነበር። ዝምተኛ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ጥቁር ሰሌዳው ከደባርቅ የመጣው በሱ በቅሎ ነው። ሴት ልጁን ኮከብን ያስመዘገበውም ከሁሉ ቀድሞ ነበር። ሰንበቴ ላይ ወረቀቱ ሲነበብ ጠላውን ከመሬት አስቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያዳምጥ። ጥፍር ይቆረጥ ከተባለ የኮከብ ጥፍር ያንለት ማታውን ተቆርጦ ያድራል። ባቄላ ሃያ ሲባል ኮከብ ይዛ የመጣችው በሁለት ጨርቅ አሥር አሥር ሆኖ የተቋጠረ ነበር። ደምራ ቀንሳ ስትጨርስም አሥር አሥሩን ቆጥራ ወደየቋጠሮው ትመልሰዋለች። አንድም ፍሬ ጠፍቷት አያውቅም።

ልጆቹ ሁለተኛ ክፍል በገቡ በኅዳር የዓይን ሕመም ገባ። የደባርቅ ጤና ጣቢያ ሰው መጥቶ ሲመክር የሰማችውን አገርነሽ በወረቀቷ አወጣችው፤ «ዓይኑ የቀላና እዥ የሚወጣው ልጅ እስኪድን ድረስ ከቤት ይቆይ። ከሌሎች ልጆችም ጋር አይዋል።» ቄሱ አነበቡት። ሰኞ ግን ልጆቹ እንደልማዳቸው ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። እሷም ልትመልሳቸው አንጀቷ አልቻለም፤ በሞቀ ውሃ ዓይናቸውን እየጠረገች ከፊት አስቀመጠቻቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ያን ማሳሰቢያ የጻፈች መሆኗንም ረሳች።

በሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ ከወረዳ ሱፐርቫይዘር መጣ። የስም መጥሪያውን ገለጠና የቀይ እስክሪብቶ ምልክቶቹን በጣቱ ቆጠረ።

«እኒህ ሦስቱ ስምንት ስምንት ቀን ቀርተዋል። ወላጅ ምን ይላል?»

«እ... አልጠየቅሁም።»

«ወላጅ ስሙ ካልተነሣ አይነቃም፣ እት አገርነሽ። ወረቀት ትጽፊ የለም እንዴ? ጻፊበታ!»

አገርነሽ ሰው ሲቆጣት አሳቧ ሁሉ የሚበተንባት ዓይነት ናት። ያን ዓርብ ከማሳሰቢያው ሥር እንዲህ ብላ ጨመረች፤ «ልጆቻቸውን ያለ ምክንያት ከትምህርት የሚያስቀሩ ቸልተኛ ወላጆች የሚከተሉት ናቸው።» ሦስት ስም አሰፈረች። ሦስተኛው «ዳምጤ፣ የኮከብ አባት» ይላል። ስትጽፈው ትንሽ ቅር ብሏት ነበር። ዳምጤ? አለች በልቧ። ግን የስም መጥሪያው ላይ ስምንቱ ቀይ ምልክት አለ። አቶ ኪዳኑም ማኅተሙን መቱበት።

እሑድ እንደወትሮዋ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። የሰንበቴው ተረኛ ማን እንደሆነ ያወቀችው ዳቦው ከፊቷ ሲቀርብ ነው። ዳምጤ ነበር። ነጠላውን አገልድሞ፣ ገንቦውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለየሰዉ እየዞረ ይቀዳል። ለሷም ቀዳላት። «ጠጪ እንጂ፣ ዳቦውንም ጨምሪ» አላት። ያን ጊዜ የጻፈችው ስም ትዝ አላት። ቄሱ ግን ተነሥተው ወረቀቱን ዘርግተው ነበር።

ቄስ ሀብተ ሚካኤል ወረቀቱን ቀድመው አይተው አያውቁም፤ የሚያየው ዓይናቸውና የሚያነበው አፋቸው እኩል ነው የሚሄድ። ሁለቱን ስም ጠሩ። ሦስተኛው ላይ «ዳም...» ብለው ቆሙ። ቀና ብለው ባለ ገንቦውን አዩት።  ጀምረውታልና መዋጥ አልቻሉም። «ዳምጤ... የኮከብ አባት» አሉ፤ ዜማውም ከድምፃቸው ጠፋ።

«እኛ ደግሞ ዳምጤ ለወረቀት የሚገዛ መስሎን!» አለ ያርጋል የሚባለው ጎረቤቱ። «ስትሰማ አንገትህን የምትደፋው ለካ ልትተኛ ኖሯል!»

ሰው ሳቀ። ዳምጤ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ያርጋል ጋ ደርሶ ስለነበር ዋንጫውን እስከ አፉ ሞላለት። ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፈ። እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ቀድቶ፣ ገንቦውን አስቀምጦ፣ በሩ አጠገብ ቆመ። ያስተናግድ ነበርና መሄድ አይችልም።

አገርነሽ ስትወጣ የዳምጤ ሚስት ሸጊቱ ከቅጥሩ ሥር ያዘቻት።

«ምነው እቴ? ምነው እንዲህ አረግሽን?»

«እማማ ሸጊቱ፣ ልጅቷ እኮ ስምንት ቀን...»

«ዓይኗን ታማ ነዋ! አንቺው አይደለሽም ወይ እስኪድን ከቤት ይቆይ ያልሽው? ዳምጤ ምንጭ እንኳ እንዳላወርዳት ከለከለኝ፣ የሰው ልጅ ታስይዛለች ብሎ። ከእኅቶቿ ለይቶ ነው ያስተኛት። ‹ወረቀቱ አይዋል ብሏል› እያለ። ትላንት ዓይኗ ጠራ። ነገ ልልካት ልብሷን አጥቤ ሰቅያለሁ።»

 ከኮሶ አምባ ሰው ሁሉ ወረቀቷን ቃል በቃል የፈጸመው አንድ ሰው ነበር፤ ቸልተኛ ብላ በገዛ ድግሱ ላይ ስሙን ያስጠራችውም ያንኑ ሰው ነው።

ሰኞ ኮከብ አልመጣችም። ማክሰኞም። ረቡዕ ከሰዓት አገርነሽ ቄስ ሀብተ ሚካኤልን ይዛ ዳምጤ ቤት ሄደች። ዳምጤ ከአጥር ወጥቶ ተቀበላቸው፣ አጎዛ አነጠፈላቸው፣ እጃቸውን አስታጠበ። ኮከብ ከጓዳው በር ብቅ ብላ ያቺን ሁለት ቋጠሮ በእጇ እንደያዘች አስተማሪዋን አየችና ተመለሰች።

«አያ ዳምጤ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች አገርነሽ። «የጻፍኩትን ረስቼው ነው። እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

«ኧረ ተይ ልጄ! እኔ እግር ሳሚ አልሁሽ? በደል አልያዝሁብሽም።» በዝግታም ቀጠለ። «ነገር ግን በአደባባይ የተሰጣ ነገር በጓዳ አይሰበሰብም። እኔን ይቅርታ ብትይኝ እኔ ነኝ የምሰማሽ። ያርጋል አይሰማሽም። ልጄ በወረቀት ቀረች፤ በወረቀት ትመለስ። አባ እሑድ ያንብቡልኝ፤ ሁለት ቃል ትበቃኛለች። ሰኞ እኔው ራሴ አደርሳታለሁ።»

«መልካም ተናገረ» አሉ ቄሱ።

«እጽፋለሁ አያ ዳምጤ። በገብርኤል እጽፋለሁ» አለች አገርነሽ።

ጻፈችም። «ባለፈው ሳምንት ስማቸው የተነሣው አቶ ዳምጤ ልጃቸውን ያስቀሩት ወረቀቱ ባዘዘው መሠረት ነው። ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው።» እንደሁልጊዜው ለማኅተም ወደ አቶ ኪዳኑ ወሰደችው። አቶ ኪዳኑ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህ ማኅተም የኔም የአንቺም አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ባለፈው ሳምንት ቸልተኛ ብሎ፣ ዛሬ አይደለም ይበል? ነገ ጥፍር ይቆረጥ ብትይ ማን ይሰማሻል? ሱፐርቫይዘሩስ ቢጠይቅ? ሰውየውን ቤቱ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቀሻል፤ በቂ ነው። ይህቺን መስመር አውጪና ሌላ ጽፈሽ አምጪ።»

እንቢ ማለት ነበረባት። ያለ ማኅተም ልትልከው ትችል ነበር፤ ቄሱ ማኅተም ጠይቀው አያውቁም። ይህን ያሰበችው ግን ቆይታ ነው። ያን ዕለት «እሺ» ብላ ወጣች፤ ያለ መስመሩም ጻፈችው። አፌ አለ አይደል፣ እሑድ እኔው ተነሥቼ እናገራለሁ ብላ ራሷን አጽናናች።

እሑድ የሰንበቴው ተረኛ ያርጋል ነበር። ዳምጤ ቀድሞ መጥቶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ቄሱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ወረቀቱ መነበብ ሲጀምር ዋንጫውን ከመሬት አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። ቄሱ አነበቡ፤ የሁለት ቁጥር ማባዣ፣ የሰውነት ክፍሎች፣ መሀረብ ይያዝ። መጨረሻው ላይ ደረሱ። ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ወደ ሴቶቹ ዞረው አገርነሽን አዩአት።

«ሌላ የለም?»

ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ። ያርጋል ገንቦውን እንደያዘ ቆሟል። ተነሽ አለች ለራሷ። ግን አልተነሣችም።

«የለም አባ» አለች።

ዳምጤ ቀና አለ። ለአፍታ ቆየ፣ ምናልባት ቄሱ አንድ ነገር ያስታውሱ እንደሆነ። ከዚያ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ለማኅበሩ እጅ ነሥቶ ወጣ። ጠላው ከነሙሉው መሬት ላይ ቀረ።

ኮከብ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። አገርነሽ ዳምጤን በመንገድ ስታገኘው እሱ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም ይላታል፤ ስለ ልጅቷ ያነሣችለት እንደሆነ ግን «እስቲ ይሁን» ብቻ ይላል። ከፋሲካ በኋላ ኮከብ ቆላ አዲ አርቃይ አክስቷ ጋ መሄዷን ሰማች። የስም መጥሪያው ላይ በስሟ አንጻር «አቋረጠች» ብላ ጻፈች። የዓርብ ወረቀቱን አላቆመችም፤ የሰው ስም ግን ከዚያ ወዲህ ጽፋ አታውቅም። ያችን ሁለት ቃል በየዓመቱ እናገራለሁ ትል ነበር። በቆየ ቁጥር ግን መጀመሪያው ጠፋባት። ምን ብላ ትነሣለች? ሰው ረስቶታል፤ የረሳውን ማስታወስ እንደገና ማሰደብ አይሆንም ወይ? እንዲህ እያለች አራቱን ክፍል ጨረሰች፣ ሌሎችንም ተረከበች፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወረች።

ደባርቅ ላይ ካርቦኑ ቀረ። ወረቀቱ በኮምፒዩተር ይጻፋል፣ በፎቶኮፒ ይባዛል። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች አገርነሽ ዓርብ ልጆቹን ሲወስዱ በሩ ላይ ቆማ ራሷ ታነብላቸዋለች። የሥራ ባልደረቦቿ «የበር ቄስ» እያሉ ይቀልዱባታል።

በ2009 ኅዳር አንዲት ወጣት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ባሏ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ ወደሚባለው ቦታ ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ የሚያከራይ ስለሆነ ከቆላ ወደ ከተማው ገና መግባታቸው ነበር። አገርነሽ መዝገቡን ገለጠች።

«የተማሪዋ ስም?»

«እሌኒ ዘመነ።»

«የእናት ስም?»

«ኮከብ ዳምጤ።»

እስክሪብቶው ቆመ። አገርነሽ ቀና ብላ አየቻት። ያ ለየብቻ የተቋጠረ አሥር አሥር ባቄላ ነው መጀመሪያ የታያት።

«አላወቁኝም?» አለች ኮከብ ፈገግ ብላ። «እኔስ ገና ከበሩ ነው ያወቅሁዎት። ባቄላ ያስቆጥሩን ነበር።»

«ኮከብዬ... ትምህርትሽንስ? ቀጠልሽ ቆላ ወርደሽ?»

«ከየት መጥቶ ቲቸር? አክስቴ ሻይ ቤት ነበራት፤ እዚያው ነው ያደግሁት። ፊደሉን አልረሳሁትም። ሲጣመር ነው የሚያስቸግረኝ።»

«አያ ዳምጤ ደኅና ናቸው?»

«አባባማ አረፉ፤ ሁለት ዓመት ሆናቸው።» ቀጥላም በሳቅ ጀመረችው። «አንድ አመል ነበረባቸው። ከቀበሌም ይምጣ ከእርሻ ጽሕፈት ቤት፣ ወረቀት ተነቦ ባለቀ ቁጥር ‹ሌላ የለም?› ይላሉ። ‹የለም አያ ዳምጤ› ሲሏቸው ‹እሺ› ብለው ይነሣሉ። አልጋ ላይ ሳሉ እንኳ የሐኪም ቤቱን ወረቀት ሳነብላቸው፣ እየተንተባተብሁ፣ ‹ሌላ የለም?› አሉኝ። ከየት እንዳመጡት እንጃ። እኛም እንስቅባቸው ነበር።»

አገርነሽ መዝገቡ ላይ አቀረቀረች። ልጅቷን መዝግባ እስክትጨርስ ቀና አላለችም።

ያን ዓርብ ወረቀቱን ስትጽፍ ማንንም አላማከረችም። ከተማሪዎቹ የሳምንት ትምህርት በታች ጨመረች፤ «በ1994 ዓ.ም. በኮሶ አምባ ትምህርት ቤት ኮከብ ዳምጤ ከትምህርት የቀረችው ዓይኗን ታማ፣ ወረቀቱ ባዘዘው መሠረት ነበር። አባቷ ቸልተኛ አልነበሩም። ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው።» ሃምሳ ሁለት ኮፒ አስወጣች።

በሩ ላይ እናቶች፣ የቤት ሠራተኞች፣ አንድ ሁለት አባቶች ተሰብስበዋል። ኮከብ ከኋላ ቆማለች። አገርነሽ ማንበብ ጀመረች። ያ መስመር ላይ ስትደርስም አላቆመችም። አነበበችው።

«ይሄ ደሞ የየትኛው ክፍል ነው?» አለች አንዲት እናት ለጎረቤቷ።

«ኮሶ አምባ አለች እኮ። ተሳስታ ሳይሆን ይቀራል?»

«በ94 አለችሳ! ኧረ ቲቸር ደክሟታል።»

ልጆቹ የእናቶቻቸውን ቀሚስ ይጎትታሉ። ሰዉ ወረቀቱን እያጠፈ መበተን ጀመረ። ኮከብ የእሌኒን እጅ ይዛ ወደ ፊት መጣች። አገርነሽ የምትጠብቀውን አታውቅም ነበር፤ እንባም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን ልትቀበል ቆማለች። ኮከብ ወረቀቱን ተቀብላ ስሟ የት እንዳለ በጣቷ ፈለገች። አገኘችው። ረጅም ጊዜ አየችው። የአባቷ «ሌላ የለም?» ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ እንደገባት ከፊቷ ይታይ ነበር።

«ይህን አባባ ቢሰሙት ነበር ቲቸር» አለች። ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ እንደ አባቷ ዝግ ያለ ነው። «ያርጋልም እኮ ሞቷል።»

«አውቃለሁ ልጄ። ዘገየሁ።»

ኮከብ ወረቀቱን በአራት አጥፋ ከመቀነቷ ሥር ከተተችው።

«ልጅቱስ? ሰኞ ምን ይዛ ትምጣ?»

አገርነሽ በእጇ የቀረውን ወረቀት አየች። አንዷን መስመር ስታስብ ሰንብታ የሰኞውን ማሳሰቢያ ረስታው ነበር። በሁለቱም ገጽ ብትፈልግ የለም።

«ባቄላ» አለች። «ሃያ ፍሬ።»

«ጥሬውን» አለች ኮከብ፤ «አውቃለሁ።» የልጇን እጅ ይዛም ወደ መንገዱ ወረደች።